ከስሙ ይልቅ ማኅተሙ

ስምን መልአክ ያወጣዋል ይባላል። በኮምፒውተር ውስጥ ለሚኖር ፋይል ግን ስም የሚያወጣለት ያገኘው ሁሉ ነው፤ ያዘጋጀው፣ ከእርሱ የቀዳው፣ ከቀዳውም ላይ የቀዳው። አንዱ ዘፈን በአንዱ ቤት በድምፃዊው ስም፣ በሌላው ቤት በአዝማቹ የመጀመሪያ ቃል፣ በሦስተኛው ቤት «ትራክ 3» ተብሎ ይቀመጣል። ፋይሉ ከአንድ ሰው መሣሪያ እስካልወጣ ድረስ ይህ ማንንም አላስቸገረም፤ ባለቤቱ ያውቀዋልና። ያስቸገረው፣ በመልክም በስምም የማይተዋወቁ ሚሊዮኖች ፋይሎቻቸውን አቻ ለአቻ አንዱ ለሌላው መስጠት በጀመሩ ጊዜ ነው። ያ ዘመን ችግሩን የፈታበት ስሌት «ሀሽ» ይባላል። እዚህ የማወጋችሁ የዚህን ስሌት ታሪክ ሲሆን፣ ይልቁንም ሊቃውንቱ የተናገሩትና የተጠቃሚ መመሪያ ጸሐፊዎች ለተራው ሰው የነገሩት ምን ያህል እንደተራራቀ ነው። ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ነገሩ በስም ተጀመረ። ሾን ፋኒንግ የተባለ የአሥራ ስምንት ዓመት አሜሪካዊ በ1999 ናፕስተርን ለሕዝብ ሲለቅ፣ ፈላጊው የዘፈን ርእስ ወይም የድምፃዊ ስም ይጽፋል፤ ማዕከላዊው ሰርቨርም ያን ቃል በስማቸው ውስጥ የያዙ ፋይሎች እነማን ዘንድ እንዳሉ ይዘረዝርለታል። ስሙ ከይዘቱ ጋር ስለ መስማማቱ ዋስ የሚሆን አልነበረም። በ2001 የአሜሪካ ፍርድ ቤት ባለመብቶች የጠቆሟቸውን ዘፈኖች እንዲያግድ ሲያዝዘው፣ ናፕስተር በስም ማገድ ጀመረ። ተጠቃሚዎቹም ወዲያው ስሙን እያጣመሙ መጻፍ ያዙ፤ አንድ ፊደል መድገም ወይም አንዱን መጣል በቂ ነበር። እንዲያውም የቃሉን መነሻ ወደ መጨረሻው እያዛወረ የሚያጣምም፣ የኛ አገር ልጆች «የወፍ ቋንቋ» ከሚሉት ጋር የሚመሳሰል ፕሮግራም ወጣ። ናፕስተር በዚያው ዓመት አጋማሽ ተዘጋ።

የስም ደካማነት ለባለመብቶቹም ወገን ጠቅሟል። በ2003 የማዶና «አሜሪካን ላይፍ» አልበም ሲወጣ፣ የዘፈኖቹን ስም የተሸከሙ ሐሰተኛ ፋይሎች በመረቦቹ ላይ ተበተኑ። ጓጉቶ ያወረደው ሰው ያገኘው ዘፈን ሳይሆን የድምፃዊቷን ቁጣ ነበር፤ ምን እየሠራህ ይመስልሃል ስትል፣ እዚህ መጻፍ የማይገባኝን ቃል ጨምራ ትሳደባለች። ብዙም ሳይቆይ ሰርጎ ገቦች የራሷን ድረ ገጽ ሰብረው እውነተኛዎቹን ዘፈኖች ለጠፉበት።

ከስም የተሻለ መታወቂያ ያስፈልግ ነበር። መታወቂያው ግን ከናፕስተር አርባ ስድስት ዓመት ቀድሞ ተፀንሷል። በአይቢኤም ይሠራ የነበረው ትውልደ ጀርመናዊው መሐንዲስ ሃንስ ፒተር ሉን በ1953 በጻፈው የውስጥ ማስታወሻ፣ ከመረጃው ከራሱ አጭር ቁጥር አውጥቶ መረጃውን በዚያ ቁጥር መደርደርና መፈለግ እንደሚቻል አሳየ። እኛ የባንክ ሰዎች ይህን ሰው ሳናውቀው በየቀኑ እናገኘዋለን፤ በክፍያ ካርድ ቁጥር መጨረሻ ላይ ተቀምጦ ከፊቱ ያሉት አኃዞች በትክክል መጻፋቸውን የሚመሰክረው አኃዝ የእርሱ ፈጠራ ነው። በሂሳብ ሥራ ደግሞ ሌላ ዘመድ አለው። የአንድ ቀን ሰነዶች ተሰብስበው ገንዘባቸው ሳይሆን የሂሳብ ቁጥሮቻቸው ይደመራሉ። ድምሩ የማንም ሀብት፣ የማንም ዕዳ አይደለም። ነገር ግን ላኪውና ተቀባዩ ለየብቻ ደምረውት ካልገጠመ፣ አንድ ወረቀት ወድቋል ወይም አንድ ቁጥር ተዛብቷል ማለት ነው። ትርጉም የሌለው ቁጥር ትርጉም ያለውን ነገር ሲጠብቅ ማየት እኔን ሁልጊዜ ይደንቀኛል።

«ሀሽ» በእንግሊዝኛ የወጥ ቤት ቃል ነው፤ መክተፍና ማደባለቅ። አማርኛ ይፈለግለት ቢባል ከ«ክትፎ» የተሻለ አይገኝለትም ባይ ነኝ። አልጎሪዝሙ ፋይሉን ከመጀመሪያው ባይት እስከ መጨረሻው ይከትፈዋል፣ ያሸዋል፣ ይጨምቀዋል፤ በመጨረሻም ፋይሉ የአንድ ገጽ ደብዳቤም ይሁን የሁለት ሰዓት ፊልም፣ ርዝመቱ የማይለዋወጥ አንድ ቁጥር ይቀራል። ከክትፎ ተነሥቶ በሬውን ማቆም እንደማይቻል ሁሉ፣ ከዚያ ቁጥር ፋይሉን መልሶ ማውጣት አይቻልም። ያው ፋይል ግን የትም ቢከተፍ፣ ማንም ቢከትፈው፣ ያንኑ ቁጥር ይሰጣል። አንዲት ነጥብ ብትለወጥበት ደግሞ አዲሱ ቁጥር ከቀድሞው ጋር ዝምድና ያለው አይመስልም። ለእኛ «ዓለም» እና «አለም» ሲነበቡ አንድ ናቸው፤ ልዩነቱ የሚያስቆጣው የሰዋስው መምህርን ብቻ ነው። ሀሽ ግን ከመምህሩም የባሰ ነው።

አቻ ለአቻ መረቦች ከተዋሷቸው አልጎሪዝሞች አንዱ፣ በማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ተቋም ያስተምር የነበረው ሮናልድ ሪቬስት በ1990 ያወጣው ኤምዲ4 ነው። የ128 ቢት ቁጥር ይሰጣል፤ ሲጻፍም ከአኃዞችና ከስድስት የላቲን ፊደላት የተውጣጡ 32 ምልክቶች ይሆናል። ተከታዩ ኤምዲ5 በ1992 ታተመ። ሪቬስት በሁለቱም ሰነዶች ላይ ጥንቃቄ የተሞላበት አንድ ቃል አኑሯል፤ አንድ ዓይነት ቁጥር የሚሰጡ ሁለት መልእክቶችን ፈልጎ ማግኘት በስሌት አቅም የማይሞከር እንደሆነ «ይገመታል» ይላል። ተረጋግጧል አላለም። ፋይሎች ስፍር የላቸውም፤ 128 ቢት የሚይዘው ቁጥር ግን እጅግ ቢበዛም ልክ አለው፤ ስለዚህ አንድ ቁጥር የሚጋሩ ፋይሎች መኖራቸው የግድ ነው። የሊቁ ግምት አሉ ወይስ የሉም በሚለው ላይ ሳይሆን፣ ፈልጎ የሚያገኛቸው አለ ወይ በሚለው ላይ ነበር። ይህችን «ይገመታል» ያዙልኝ።

በ2000 ጄድ ማካሌብ የተባለ አሜሪካዊ ኢዶንኪ2000 የተሰኘውን ፕሮግራም ሲያወጣ የመረጠው ፈጣኑን ኤምዲ4ን ነበር። አሠራሩ እንዲህ ነው፤ ትልቅ ፋይል 9,728,000 ባይት በሚይዙ ክፍሎች ይቈረጣል፤ እያንዳንዱ ክፍል ለብቻው ይከተፋል፤ ከዚያ የክፍሎቹ ቁጥሮች በተራ ተደርድረው እንደገና ይከተፋሉ። የሚወጣው ቁጥር የፋይሉ መታወቂያ ነው። በዚህ መንገድ አንድ ሰው አንዱን ክፍል ከአንካራ፣ ሌላውን ከማድሪድ ተቀብሎ እያንዳንዱን ለየብቻ መመርመርና ሙሉው ሳይደርሰው ያለውን ለሌላ ማካፈል ቻለ። በ2002 ደግሞ በኢዶንኪ ያልረካው ጀርመናዊው ሄንድሪክ ብራይትክሮይትስ፣ ያንኑ መረብ የሚጠቀምና ኮዱ ለሁሉ ክፍት የሆነ ኢሙል የተባለ ፕሮግራም ጀመረ። የዚህ መረብ ማስፈንጠሪያ ሦስት ነገር ይይዛል፤ የፋይሉን ስም፣ በባይት የተቈጠረ መጠኑንና ሀሹን። ስሙን አንሥታችሁ የልባችሁን ብትጽፉበት ምንም አይጎድልበትም። መረቡ የሚፈልገው ሁለቱን ነው።

ይህን ሁሉ ለተራው ተጠቃሚ ማን ይንገረው? ኢሙል ከፕሮግራሙ ጋር የእገዛ ገጾች ነበሩት፤ ከእነርሱም ሌላ በጎ ፈቃደኞች በየቋንቋው ብዙ መመሪያ ጽፈዋል፤ አብዛኞቹም በቅጽል ስም ብቻ የሚታወቁ ናቸው። የሥነ ጽሑፍ ወዳጅ እንዲህ ያለውን ጽሑፍ ንቆ ያልፈዋል፤ እኔ ግን ከብዙ ልብ ወለድ ይልቅ ስለ ሰው የሚነግረኝ ነገር አለው እላለሁ። ከምክሮቻቸው መካከል አንዷን ተመልከቱ። ኢሙል ስለ አንድ ፋይል ዝርዝር ሲያሳይ፣ ያን ሀሽ የያዙ ሰዎች ሁሉ ፋይሉን ምን ምን ብለው እንደሰየሙት የሚዘረዝር ገጽ አለው። መመሪያው ማውረድ ከመጨረስህ በፊት ይህን ገጽ ክፈት ይላል። ስሞቹ ቢለያዩም ስለ አንድ ነገር የሚናገሩ ከሆነ መልካም፤ ግማሹ የሕፃናት ፊልም፣ ግማሹ ሌላ ነገር የሚል ከሆነ ተጠንቀቅ። ከበር የተባረረው ስም በመስኮት ተመልሶ ምስክር ሆነ ማለት ነው! ሀሹ «ይህ ያው ነው» ይላል እንጂ «ይህ እንደተባለው ነው» አይልም። እኛም ዘንድ እንዲሁ ነው፤ በቼክ ላይ ያለው ፊርማ በናሙና ካርዱ ላይ ካለው ጋር መግጠሙን እናያለን። ካርዱን ያስከፈተው ሰው ማን እንደሆነ ግን ፊርማው አይነግረንም።

ችግሩ ብዙዎቹ መመሪያዎች እዚህ ላይ አለመቆማቸው ነው። ሀሽ እንደ ጣት አሻራ ነው፤ ሁለት የተለያዩ ፋይሎች አንድ ሀሽ ሊኖራቸው ከቶ አይችልም ብለው ጻፉ። የሪቬስት «ይገመታል» ከሊቁ ጠረጴዛ ተነሥታ ተጠቃሚው ዘንድ ስትደርስ «ከቶ አይችልም» ሆና ደረሰች። ጸሐፊዎቹን አልወቅስም፤ በአንድ አንቀጽ ሰውን ማሳመን ያለበት ሰው «ምናልባት»ን ቀድሞ ይጥላል።

አንድ ቃል ሲጣል ይህ ከደረሰ፣ ፈጽሞ ሳይጻፍ የቀረ ዓረፍተ ነገር ያመጣውን ደግሞ ስሙ። ከዚህ ታሪክ ውስጥ እኔ ከሁሉ የምወደው ይህን ነው። ማካሌብ ፕሮግራሙን ሲያወጣ ኮዱ ዝግ ነበር፤ የአሠራሩን ዝርዝር የሚያስረዳ ሰነድም ለሌሎች አልሰጠም። ሌሎች ፕሮግራመሮች የመረቡን ቋንቋ የተማሩት ፕሮግራሙ ሲናገር እያዳመጡ ነው። አብዛኛውን ጊዜ ይህ አልጎዳቸውም። ለምሳሌ 20,000,000 ባይት የሆነ ፋይል ሁለት ሙሉ ክፍሎችና 544,000 ባይት ትራፊ ይኖሩታል፤ ሦስት ክፍል፣ ሦስት ቁጥር፣ ክርክር የለውም። ፋይሉ በልኩ 19,456,000 ባይት ቢሆንስ? አንዱ ፕሮግራመር ሁለት ክፍል ነው፣ አለቀ አለ። ሌላው ግን ሁለተኛው ክፍል ልክ ሞልቶ ሲያበቃ፣ ምንም የሌለበት ሦስተኛ ክፍል ይጀምራል ብሎ ቈጠረ። ባዶም ቢሆን በኤምዲ4 ሲያልፍ የራሱ ቁጥር አለው፤ ያን ቁጥር ከዝርዝሩ ግርጌ ጨመረና አንድ ላይ ከተፈው። የሁለቱ ውጤት ፍጹም የተለያየ ሆነ።

እንግዲህ ያው አንድ ፋይል፣ ያለ ማንም ተንኮል፣ ሁለት መታወቂያ ወጣለት። በአንዱ የፈለገ ሰው በሌላው የያዘውን ሰው አያገኘውም፤ ሁለቱም አንድ ዕቃ ይዘው ሲፈላለጉ ይተላለፋሉ። የጃፓን አኒሜሽን ፊልሞችን የሚመዘግበው አኒዲቢ የተሰኘው ማውጫ ፋይሎችን የሚለየው በዚሁ ሀሽ ነበርና፣ ችግሩን በሰነዱ ላይ አስፍሮ ሁለቱን ስሌቶች «ቀይ» እና «ሰማያዊ» ብሎ ሰየማቸው። የኤምዲ4 ሂሳብ በዚህ ውስጥ ምንም አልተሳሳተም። የጎደለው «ባዶውን ቍጠረው» ወይም «አትቍጠረው» የሚል አንድ ዓረፍተ ነገር ነበር። የኢሙልን የመረብ ቋንቋ በሰፊው የሚገልጽ ሰነድ የታተመው በ2005 ሲሆን፣ የጻፉትም በኢየሩሳሌም ዕብራይስጥ ዩኒቨርሲቲ የነበሩት ዮራም ኩልባክና ዳኒ ቢክሰን ናቸው፤ ከመረቡ ፈጣሪዎች ወገን አይደሉም።

የካዛ ታሪክ ከዚህ ይከፋል። በ2001 ብቅ ያለውና በየቤቱ የገባው ካዛ የሚጠቀምበት ሀሽ ለፍጥነት የተሠራ ነበር፤ ደካማ ኮምፒውተር ትልቅ ፋይልን በቅጽበት እንዲመዘግብ። ይህ የሆነው ግን ፋይሉን በሙሉ ባለመክተፍ ነው። የመጀመሪያውን 300 ኪሎባይት በኤምዲ5 ያልፋል፤ ከዚያ 1 ሜጋባይት፣ 2፣ 4፣ 8 እያለ በእጥፍ በሚራራቁ ቦታዎች ላይ ሌሎች 300 ኪሎባይቶችን፣ በመጨረሻም የፋይሉን ጅራት ይቀምሳል። 700 ሜጋባይት የሆነ ፊልም ብንወስድ የሚቀመሱት ወደ አሥራ ሁለት ቦታዎች ናቸው፤ ድምራቸው 3.5 ሜጋባይት፣ ማለትም ከመቶ ግማሽ እጅ። የቀረው ከመቶ ዘጠና ዘጠኝ ተኩል እጅ በሌላ ነገር ቢተካ መታወቂያው አይለወጥም። የተበላሹ ፋይሎችን መበተን ሥራቸው የነበረ ወገኖች ይህን ለማወቅ ብዙ አልፈጀባቸውም። በመቅመስ ብቻ የሚመረምር ሰው ስለ ድስቱ እንዴት ይምላል?

ኢሙል ለተመሳሳይ ጭንቀት የሰጠው መልስ የተሻለ ነበር። የአንድ ክፍል ሀሽ ካልገጠመ ክፍሉ መበላሸቱ ይታወቃል፤ የቱ ጋ እንደተበላሸ ግን አይታወቅም። በስልክ መስመር ኢንተርኔት ለሚጠቀም ሰው ከዘጠኝ ሚሊዮን በላይ ባይት ጥሎ እንደገና መጀመር ቀላል ኪሳራ አይደለም። ስለዚህ እያንዳንዱ ክፍል 180 ኪሎባይት በሚይዙ 53 ቍራጮች፣ የመጨረሻው አነስ ብሎ፣ ተከፈለ። ቍራጮቹ ኤስኤችኤ-1 በተባለውና የአሜሪካ መንግሥት በ1995 ባወጣው አልጎሪዝም ለየብቻ ይከተፋሉ፤ ቁጥሮቻቸው ጥንድ ጥንድ ሆነው ይከተፋሉ፤ ጥንዶቹም እንዲሁ፣ አንድ ሥር እስኪቀር ድረስ። ይህ ራልፍ ሜርክል በ1979 ያቀረበው የዛፍ አሠራር ነው። ሥሩን በእጁ የያዘ ሰው የተበላሸችውን ቍራጭ ለይቶ እርሷን ብቻ ያስልካል።

ሥሩን ከየት ያገኘዋል? እዚህ ላይ የኢሙል መመሪያ ያለውን ሳይደብቅ ይናገራል። ሥሩ በማስፈንጠሪያው ውስጥ ካለ፣ ማስፈንጠሪያውን የሰጠህን ሰው አመንህ ማለት ነው። ከሌለ ግን ፕሮግራሙ ከመረቡ ይጠይቃል፤ ቢያንስ 10 የተለያዩ ሰዎች ልከውለት ከእነርሱም 92 በመቶው በአንድ ቁጥር ከተስማሙ ይቀበለዋል። አሥሩ ከአንድ አፍ የሚናገሩ ሊሆኑ ይችላሉ፤ ይህ ድክመት ነው። ነገር ግን ለተጠቃሚው የተነገረው «ከቶ አይሳሳትም» የሚል ሳይሆን 10 እና 92 ነው። እምነቱ በምን ያህል ድምፅ እንደተገዛ በቁጥር ተጽፎለታል። እኔ በዚያ ዘመን መመሪያዎች ውስጥ ከዚህ የበለጠ ሐቀኛ አንቀጽ አላየሁም።

«ይገመታል» ወዳለው ሊቅ እንመለስ። ኤምዲ4 ኢዶንኪ ሲመርጠው ቀድሞውኑ የቈሰለ ነበር፤ ጀርመናዊው ሃንስ ዶበርቲን በ1990ዎቹ አጋማሽ አንድ ቁጥር የሚሰጡ ሁለት መልእክቶችን አግኝቶለታል። በ2004 ቻይናዊቷ የሂሳብ ሊቅ ዋንግ ሺያዩን ከባልደረቦቿ ጋር ካሊፎርኒያ ውስጥ በሳንታ ባርባራ በተደረገው ዓመታዊ ጉባኤ ላይ የኤምዲ5ን እና የኤምዲ4ን ግጭቶች ይዛ ቀረበች። በ2017 ደግሞ በአምስተርዳም ያለው የሂሳብ ምርምር ተቋምና ጉግል፣ መልካቸው የተለያየ፣ የኤስኤችኤ-1 ቁጥራቸው ግን አንድ የሆነ ሁለት ሰነዶችን አወጡ። ከዘጠኝ ኩንቲሊዮን የሚበልጥ ስሌት ፈጅቶባቸዋል፤ ዘጠኝ ብላችሁ አሥራ ስምንት ዜሮ ጻፉ።

ይህ ማለት የኢሙል ፋይሎች ሁሉ ተመሳስለው ተሠሩ ማለት አይደለም። ራስ የመረጧቸውን ሁለት ፋይሎች አንድ ቁጥር እንዲሰጡ ማድረግ አንድ ነገር ነው፤ ሌላ ሰው ቀድሞ ላወጣው ፋይል ገጣሚ ሐሰተኛ መሥራት ሌላ፣ እጅግ የከበደም ነገር ነው። ይህን ልዩነት ያስረዱ የተጠቃሚ መመሪያዎች ጥቂት ናቸው፤ ከ2004 በፊት «ከቶ አይችልም» ሲሉ የነበሩ ብዙዎች፣ ዜናው ሲሰማ በአንድ ጊዜ «ሁሉም ተሰበረ» ወደ ማለት ዞሩ። በእውኑ ዓለም ተጠቃሚውን የጎዳው የካዛ መቅመስ ነበር፤ የሊቃውንቱ ግጭት አይደለም።

መረቦቹንም የዘጋቸው ሂሳብ አልነበረም። ይዘቱ በአብዛኛው የሌላ ሰው ድካም ነበር፤ ግጥም የምሞክር ሰው ነኝና በዚህ ላይ ከባለመብቶቹ ጋር ብዙ አልከራከርም። በ2005 የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በግሮክስተር ላይ ወሰነ፤ በ2006 የኢዶንኪ ባለቤት የሆነው ድርጅት 30 ሚሊዮን ዶላር ለመክፈል ተስማምቶ ሥራውን አቆመ። ኮዱ ክፍት የነበረው ኢሙል ግን የሚከሰስ ባለቤት ስላልነበረው ቀጠለ።

ብራም ኮኸን በ2001 ያወጣው ቢትቶረንት መንገዱ ለየት ይላል። የፋይሉ ቍራጮች በኤስኤችኤ-1 ተከትፈው ቁጥሮቻቸው «ቶረንት» በተባለ ትንሽ ፋይል ውስጥ ይዘረዘራሉ፤ ከዚያም ይህ ዝርዝር ራሱ ተከትፎ የጠቅላላው መታወቂያ ይሆናል። የሚገርመው፣ የሚከተፈው ዝርዝር ውስጥ የፋይሉ ስምም አለበት። ኢሙል ያባረረውን ስም ኮኸን ወደ ማኅተሙ አስገባው። የግዕዝ ፊደል ዩኒኮድ የገባው ናፕስተር በወጣበት በ1999 ነበርና፣ ከዚያ በኋላ ስሙን በፊደላችን መጻፍ የሚፈልግ ሰው ይችላል፤ ነገር ግን አንዱ «ሰላም» ሌላው «ሠላም» ብሎ ያዘጋጁት ቶረንት፣ በውስጡ ያለው ድምፅ እስከ መጨረሻዋ ቢት አንድ ቢሆንም፣ ሁለት መታወቂያ ይወጣለታል፤ ሁለት የማይተያዩ የተጋሪዎች ማኅበርም ይፈጠራል።

ሁለተኛው የቢትቶረንት ትውልድ፣ በ2020 ሊብቶረንት በተባለው የጋራ ኮድ ውስጥ ሲገባ፣ ኤስኤችኤ-1ን በኤስኤችኤ-256 ተካው፤ እያንዳንዱንም ፋይል 16 ኪሎባይት በሚይዙ ቍራጮች ከትፎ በሜርክል ዛፍ የራሱን ሥር ሰጠው። ቶረንቱ እንደ ቀድሞው ስም የሚነካው መታወቂያ አለው፤ የፋይሉ ሥር ግን ከስሙ ጋር ጉዳይ የለውም። «ሰላም» ብሎ የያዘውና «ሠላም» ብሎ የያዘው አንድ ፋይል እንደያዙ ፕሮግራማቸው ከሥሩ ሊለይ ይችላል። አሮጌ ፕሮግራም ለያዙ ሰዎች ሲባልም አንዱ ቶረንት የ1995ቱንና አዲሱን ማኅተም ጎን ለጎን እንዲሸከም ተፈቅዶለታል።